የምንፈልገው ሰው ሲያጠፋ

ይህ ትምህርት መጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈ ነው። ከጅግጅጋም፣ ከቀብሪበያህም፣ ከቶጎ ውጫሌም ደውላችሁ «በጽሑፍ ይሰጠን» ስላላችሁ አሳጥረን በትራክት አቅርበነዋል። የምንነጋገረው ስለ ቅጣት ነው። ደስ የሚል ርእስ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ዝም ብለን ስላለፍነው ብዙ ሰው ከመካከላችን ጠፍቷል።

ነገሩን ያስነሣው የሻይ ቤት ክርክር ነው። ከወጣቶቻችን ሁለቱ ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ይከራከራሉ። ልጁ ሜዳ ላይ የሚያህለው የለም፤ ከሜዳ ውጭ ግን ይጠጣል፣ ይደባደባል፣ ልምምድ ይቀራል። አንደኛው «ጎል እስካገባ ድረስ ሌሊት የት እንዳደረ ምን አገባን?» ይላል። ሌላው «ተጠባባቂው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ሻንጣውን ይሸክም ነበር» ብሎ ይመልሳል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው «ፓስተር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉኝ። እኔም አንድ ቀልድ ጣል አድርጌ ሻዬን ጨረስኩና ወጣሁ። መልስ አጥቼ አልነበረም። ጥያቄው እኔንም እንደሚነካ ስለ ገባኝ ነው። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሁላችንም የምናውቃቸውን ሰዎች እንውሰድ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን 35 አትሌቶችን አገደ። ምክንያቱ በብሔራዊ ቡድኑ የልምምድ ካምፕ አልተገኙም የሚል ነበር። ከታገዱት መካከል ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ነበሩበት። ልብ በሉ፣ ጉዳዩ በውድድር ላይ ስለተሠራ ጥፋት አይደለም፤ ከመሮጫው ውጭ ስላለ ሥነ ሥርዓት ነው። ለሁለቱም ወገን የሚባል ነገር አለ። የአገር ቡድን አብሮ ካልተለማመደ ምኑን ቡድን ሆነ? አትሌቱ ደግሞ የራሱ አሠልጣኝና የራሱ ፕሮግራም አለው፤ እንጀራውም ከዚያ ነው የሚወጣው።

ዓመቱ ሳያልቅ ግን፣ ሐምሌ 27 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ጥሩነሽ በለንደን ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አመጣች። ቀነኒሳም በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶቹ 10 ሺህ ሮጦ አራተኛ ወጣ። እኔ ራሴ እየጮኽኩ ነው ያየሁት። ሶማሌው ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቤት የፈረሰ መስሏቸው ግድግዳውን መትተው ነበር። ደስታችን ልክ ነው፤ በእሱ አላፍርም። ግን ከ35ቱ የሁለቱን ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ የሌሎቹን መንገድ ላይ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ አታገኙም። ቅጣት ሲጣልም ሲነሣም የሚወራው ስለ ታዋቂው ነው። ስሙ የማይታወቀው ቢቀጣም ማንም አያይ፣ ቢማርም ማንም አያይ።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ፌዴሬሽኑ ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር የማራቶን ማጣሪያ አዘጋጀ። ያን ጊዜ ቀነኒሳ በማራቶን ታሪክ ሁለተኛው ፈጣን ሰዓት ባለቤት ነው። ማጣሪያውን ተቃውሞ ሳይሮጥ ቀረ፤ ከቡድኑም ውጭ ሆነ። ይሄ እንኳ ቅጣት ሳይሆን ምርጫ ነው፤ ቢሆንም ደንቡ ለታላቁ ሰው ሲል አልታጠፈም። ከዚያ ለማራቶን የሄዱት ሦስቱም ወንዶች ውድድሩን ሳይጨርሱ ቀሩ። «ይኸው፣ ደንብ ደንብ ስትሉ ሜዳሊያ አጣን» ማለት ቀላል ነው። ወገኖቼ፣ ደንቡ ጥሩ ነበር ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ለሁሉም እኩል ተሠራበት ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እኛ ሁለቱን እንደባልቃለን። ደንቡ የምንወደውን ሰው ሲነካ «ደንቡ መጥፎ ነው» እንላለን፤ የማናውቀውን ሲነካ ግን ደንብ ደንብ ነው።

አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱና 1ኛ ሳሙኤል 14ን አንብቡ። ሳኦል በጦርነቱ ቀን፣ እስከ ማታ እህል የሚቀምስ ሰው የተረገመ ይሁን ብሎ ሕዝቡን አማለ። ዮናታን ይህን መሐላ አልሰማም ነበር። በዱር ማር አገኘ፣ በበትሩ ጫፍ ነክሮ ቀመሰ። በኋላ ዕጣ ሲጣል በእሱ ላይ ወጣና አባቱ ይሞታል ብሎ ፈረደ። ሕዝቡ ግን እንቢ አሉ፤ የዛሬውን ድል ያመጣው እሱ ነው፣ ከእግዚአብሔር ጋር ነው የሠራው ብለው ከሞት አዳኑት።

ይህን ክፍል ስንሰብክ ሳኦል ቸኩሎ ማለ፣ ሕዝቡ ደግ አደረጉ ብለን እናልፋለን። ልክ ነው። እኔ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ አንድ ነገር ከነከነኝ፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ዕጣው የወጣው በዮናታን ላይ ባይሆንስ? ከብንያም የመጣ፣ ድል ያላመጣ፣ ርቦት ማር የቀመሰ አንድ ተራ ወታደር ቢሆንስ? ሕዝቡ እኮ «መሐላው ትክክል አልነበረም» አላሉም። «ሰውዬው አልሰማም» እንኳ አላሉም፤ እውነተኛው መከራከሪያ ግን ያ ነበር። ያሉት፣ በእኛ ቋንቋ፣ «ቅባት ያለበት ሰው ነው፣ አትንኩት» ነው። ለዚያ ተራ ወታደር ማን ይጮኽለት ነበር?

እንግዲህ ቃል የገባሁላችሁን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ወጣት ሽማግሌ ሳለሁ፣ በማገለግልበት አጥቢያ ከመዘምራኑ አንዲት እኅት ፀነሰች። አላገባችም ነበር። ጠራናት፣ ጠየቅናት፣ አልካደችም። እሑድ ጠዋት ስሟ በጉባኤ ፊት ተነበበ። ለአንድ ዓመት ከአገልግሎት ታገደች፣ ከጌታ እራትም ተከለከለች። የልጁ አባት የእኛው ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። እሱንም ጠራነው፣ እሱም አልካደም። ግን ኮንፈረንስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ከድሬዳዋና ከሐረር እንግዶች ተጠርተዋል፣ ኪቦርድ የሚችል ሌላ ሰው የለንም። «ከኮንፈረንሱ በኋላ እናየዋለን» ተባለ። ያን ያልኩት እኔ ነኝ። ከኮንፈረንሱ በኋላ የወጣቶች ፕሮግራም መጣ፣ ከዚያ ገና፣ ከዚያ ሠርግ። ከዚያ ተረሳ። እሷ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እሱ መድረክ ላይ እየተጫወተ፣ እኛ እጃችንን አንሥተን አመለክን።

ዓመቱን አልጨረሰችም። ቀረች።

ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ቡና አፈላችልኝ። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል። «ፓስተር፣ በቅጣቱ አላዘንኩም፣ አጥፍቼ ነበር» አለችኝ። «ግን ቤቴ ቅርብ ነው። እሑድ እሑድ ኪቦርዱ እስከዚህ ይሰማል።» ሌላ ነገር አልጨመረችም። እኔም ስብከት አልነበረኝም።

እዚህ አገር እኛ ጥቂት ነን፤ ጎረቤቶቻችንም ያዩናል። ሶማሌዎቹ «ሄር» የሚሉት ልማዳዊ ሕግ አላቸው። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲፈርዱ ለየትኛው ጥፋት ስንት ግመል እንደሚካስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። እዚያም ቢሆን ወገኑ ብዙ የሆነ ሰው ካሳውን ማስከፈል ይቀለዋል፣ ወገኑ ትንሽ የሆነ ይቸግረዋል የሚል ቅሬታ አለ። ችግሩ የሰው ልጅ ችግር ነው ማለቴ ነው፤ የእኛ ብቻ አይደለም። ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ስላደረገው እንግዳና ስለ ድኻው ሲጽፍ፣ የጻፈው ለጉባኤ ነው፤ ለገበያ አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ የተወራበትን ሁሉ እንቅጣ?» ብላችሁ በስልክ ጠይቃችሁኛል። አይደለም። እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ነገር ላምጣ። በአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ የሚባል ጨዋታ አለ፤ 13 ለ13 ሆነው ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ እጅግ የሚወደድ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ከሜዳ ውጭ በሚሠሩት ጥፋት አገሩ ተማረረ። አንዱ ክለብ ይቀጣል፣ ሌላው ይደብቃል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የሊጉ ኃላፊዎች አንድ ደንብ አወጡ። እስከ 11 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያሳስር ወንጀል የተከሰሰ ተጫዋች፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ አይጫወትም። ደመወዙ ግን ይከፈለዋል፣ ልምምዱንም ይሠራል፤ ጥፋተኛ ነው ስላልተባለ። ከዚያ በታች ላለ ክስ ውሳኔው ለሊጉ ዋና ኃላፊ ተተወ።

ደንቡ በመጀመሪያ የነካው አንድ ታዋቂ ተጫዋች በፍርድ ቤት ተከራክሮ ተረታ። ከሁለት ዓመት በላይ ሳይጫወት ቆየ። ሁለት ጊዜ ችሎት ቀርቦ አላጠፋሁም እንዳለ፣ በአንዱ ክስ ነጻ ተባለ፣ በቀሩት ዳኞቹ መስማማት አቃታቸው፣ በ2013 ዓ.ም. ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ተወው። ስሙን አልጠራም፤ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያላለውን ሰው በትራክት ላይ የማወጣበት ምክንያት የለኝም። ለስፖርተኛ ሁለት ዓመት ትልቅ ነገር ነው፣ ዕድሜ ነው። ስለዚህ እኩል የሆነ ደንብም ያስከፍላል። ሆኖም አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ ማገድና መፍረድ ይለያያሉ። እኛ ጋ ሰው ከአገልግሎት «ለጊዜው ይረፍ» ሲባል ጉባኤው ወዲያው ፈርዶበት ያድራል። ስለዚህ የምናከብረውን ሰው «ይረፍ» ማለት እንፈራለን፤ የማናከብረውን ደግሞ ባልተጣራ ወሬ እናጠፋዋለን።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ሁለቱንም ይዟል (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19-21)። በሽማግሌ ላይ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር አትቀበል ይላል፤ ይህ ለተከሰሰው ጥበቃ ነው። በኃጢአት የሚኖሩትን ግን በሁሉ ፊት ገሥጽ ይላል። ቀጥሎ በእግዚአብሔር፣ በክርስቶስና በመላእክት ፊት እያስጠነቀቀ፣ ለማንም ሳታዳላ አድርገው ይላል። ስለ ማዳላት ይህን ያህል ምስክር የጠራው፣ ቀላል ነገር ስላልሆነ ይመስለኛል።

እኛ አሁን በማገለግልበት አጥቢያ አንድ ገጽ ጽፈናል። የጻፍነው ምንም ጉዳይ በሌለበት ጊዜ ነው፤ ጉዳይ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ሰውየውን እያየ ነው የሚጻፍ። ሽማግሌዎች መጀመሪያ ጥፋቱን ያለ ስም ይሰማሉ፣ ተግሣጹን ይወስናሉ፣ ከዚያ ስሙ ይነገራል። እውነቱን ለመናገር በእኛ ከተማ ይሄ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ስሙ ከጉዳዩ ቀድሞ በባጃጅ ይደርሳል። ቢሆንም እንሞክራለን። ለሁለት ሰው የሚሆን ጥፋት በአንድ ቀን፣ ለሁለቱም ይታያል። የሚመለሱበት ቀን አብሮ ይጻፋል፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 2፥6-8ን ተመልከቱ፣ ቅጣቱ ከበቃ በኋላ ሰውን በኀዘን መዋጥ አይገባም። አስገድዶ መድፈር፣ በሕፃን ላይ የተሠራ ጥቃት፣ ድብደባ ከሆነ ግን የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም፤ ለፖሊስ ነው የሚነገረው፣ አድራጊው እኔም ብሆን።

ስለ ኪቦርድ ተጫዋቹ ጠይቃችኋል። ከእኅታችን ቤት ተመልሼ ለሽማግሌዎቹ ተናገርኩ፣ እሱንም ጠራነው። ዓመታት አልፈዋል፤ አግብቷል፣ ሌላ ልጅ አለው። «ይህን ሁሉ ጊዜ እስክትጠሩኝ ስጠብቅ ነበር» አለና አለቀሰ። የእኛ ዝምታም ስሙ በጉባኤ ተነገረ፣ የእሱም። ለአንድ ዓመት ኪቦርዱ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀመጠ፣ እኛም በከበሮና በጭብጨባ ዘመርን። የመጀመሪያው እሑድ ማን ዜማ እንደሚያነሣ እንኳ አላወቅንም ነበር።