ውኃ ብረትን ስለሚቈርጥበት መኪና

ውኃ በዘመን ብዛት ድንጋይን እንደሚሸረሽር በየወንዙ ዳር የሚታይ ነገር ነው። የዛሬው የኢንዱስትሪ ጥበብ ግን ዘመናት የሚፈጀውን ይህን ሥራ በደቂቃዎች እንዲፈጸም አድርጎታል፤ ይኸውም ውኃን በታላቅ ግፊት አስጨንቆ ከጠባብ ቀዳዳ በማስወጣት ነው። ይሁን እንጂ ይህን መኪና ለመሥሪያ ቤቱ ለመግዛት የሚያስብ ሹም ስሙን ብቻ ሰምቶ ገንዘብ ሊያወጣ አይገባውም፤ የመኪናው ዐይነት አንድ አይደለምና።

የግፊቱ ልክ የሚያስደንቅ ነው። አየር በባሕር ዳርቻ ላይ ከሚጫነው 4,000 እጥፍ ያህል ይደርሳል፤ ውኃውም ከሰንፔር ወይም ከአልማዝ በተሠራ፣ ከግማሽ ሚሊሜትር በጠበበ ቀዳዳ ሲወጣ ከድምፅ ይልቅ ሁለት እጥፍ ይፈጥናል።

በአቈራረጥ በኩል መኪናው በሁለት ይከፈላል። ፊተኛው በንጹሕ ውኃ ብቻ የሚሠራው ነው። ይህም ወረቀትን፣ ጎማን፣ ስፖንጅንና ምግብን ለመቍረጥ ይበቃል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950ዎቹ የደን መሐንዲሱ ኖርማን ፍራንዝ በዚህ መንገድ እንጨት ለመሰንጠቅ ሞክሮ ነበር። ሁለተኛው ጋርኔት የተባለ ጠንካራ የድንጋይ ዱቄት ከውኃው ጋራ የሚቀላቀልበት ነው። ይህንንም በእስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው መሐመድ ሐሺሽ ከ1979 ጀምሮ በአሜሪካ ደከመበት፤ ከዚያም ወዲህ ብረት፣ እብነ በረድና መስተዋት በውኃ ይቈረጡ ጀመር።

በግፊት አሰጣጥም እንደዚሁ ሁለት ዐይነት አለ። በአንደኛው ዘይት ሰፊውን ፒስተን ይገፋል፤ ከእርሱ ጋራ የተያያዘው ቀጭኑም ውኃውን ይጨምቃል። የቀጭኑ ስፋት የሰፊው 20ኛ እጅ ቢሆን ግፊቱ 20 እጥፍ ይሆናል። በሁለተኛው ግን ሞተሩ እንደ አውቶሞቢል ያለ ዘንግ እያዞረ ፒስተኖቹን በቀጥታ ያንቀሳቅሳል። ይህ የኤሌክትሪክ ኃይል ይቈጥባል፤ በግፊት ከፍታ ግን ብዙ ጊዜ የፊተኛው ይበልጣል።

የዚህ መኪና ዋና ጥቅሙ ብረቱን በሙቀት አለማበላሸቱ ነው፤ እሳት የቈረጠው ብረት በዳሩ ጠባዩ ይለወጣልና። ነገር ግን ወፍራም ብረት ሲቈርጥ ይዘገያል፤ የዱቄቱ ወጪና የዝቃጩ ማስወገጃ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዱቄቱ የሚያልፍበትም ቧንቧ እየተበላ ይለወጣል። ስለዚህ ስፖንጅ ብቻ ለሚቈርጥ ፋብሪካ የዱቄቱን መኪና መግዛት ከንቱ ወጪ ነው፤ ብረት ለሚቈርጥም ንጹሑ ውኃ አይበቃውም።

ከሁሉም በላይ የሠራተኛው ደኅንነት ይታሰብ። ይህ ውኃ እጅን ቢነካ በውጭ የሚታየው ቍስል የመርፌ ያህል ሲሆን በውስጥ ግን ሥጋን ይበጣጥሳል፤ ጥቂት ነው ተብሎ ሳይናቅ የተጐዳው ሰው ፈጥኖ ወደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ሊወሰድ ይገባል። መኪናውን ከማስመጣት አስቀድሞ የሚቈረጠውን ዕቃ መለየት፣ ሠራተኛውንም ማስተማር የአስተዋይ አለቃ ሥራ ነው።