«የይለፍ ቃል» እና «ምስጠራ»፦ በእጅ ስልክ ስላለ መረጃ ጥበቃ የስያሜ ጥናት

1. መነሻ

ለአንድ የሙያ ጽንሰ ሐሳብ ስያሜ ሲመረጥ ቃሉ ለጆሮ መስማማቱ ብቻ አይበቃም፤ ከጎረቤቱ ጽንሰ ሐሳብ ለይቶ ማሳየት መቻሉም ሊመዘን ይገባል። በእጅ ስልክ የሚቀመጥ መረጃ በሁለት ስልቶች ይጠበቃል። አንደኛው ስልኩን በይለፍ ቃል መቆለፍ፣ ሁለተኛው መረጃውን ራሱን መመስጠር ነው። ሁለቱን «መቆለፍ» በሚል አንድ ቃል መተርጎም ቀላል ቢመስልም አንባቢውን ለጉዳት ይዳርጋል። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ልዩነት እናስረዳለን፤ የምንመርጣቸውንም ስያሜዎች ከነምክንያታቸው እናቀርባለን።

2. የጽንሰ ሐሳቦቹ ልዩነት

መቆለፍ በር መዝጋት ነው። ስልኩ ቃሉን ያልሰጠውን ሰው አያስገባም እንጂ፣ መቆለፉ ብቻውን በውስጡ ያለውን ጽሑፍና ሥዕል አይለውጠውም። ለምሳሌ ያህል፣ ያልተመሰጠረ ሜሞሪ ካርድ ከተቆለፈ ስልክ አውጥቶ በሌላ መሣሪያ ውስጥ የከተተ ሰው የካርዱን መረጃ ያለ ችግር ያነባል። ምስጠራ ግን መረጃውን በስሌት ለውጦ የማይነበብ ያደርገዋል፤ ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመለሰውም በቁልፉ ብቻ ነው። የስሌቱ ዘዴ ምስጢር መሆን አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ መንግሥት ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ኤ.ኢ.ኤስ. የተባለው ዘዴ ለማንም ግልጽ ነው፤ የሚደበቀው 128፣ 192 ወይም 256 ቢት ርዝመት ያለው ቁልፍ ነው።

በዘመናዊ ስልክ ሁለቱ ስልቶች ይደጋገፋሉ። ባለቤቱ የሚያስገባው ቃል የምስጠራው ቁልፍ ሳይሆን፣ ቁልፉ የሚገኝበት መንገድ ነው። አራት አኃዝ ያለው የይለፍ ቁጥር 10,000፣ ስድስት አኃዝ ያለው ደግሞ 1,000,000 አማራጮች ብቻ አሉት። ይህም ለኮምፒዩተር እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ስልክ ቁጥሩን በውስጡ ከታተመ ሌላ ምስጢራዊ ቁጥር ጋር ያጣምረዋል፤ የሙከራውንም ብዛት ይገድባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አንድሮይድ 10፣ ይህን ሥርዓት ይዞ ለገበያ የሚቀርብ አዲስ ስልክ ሁሉ የባለቤቱን መረጃ እንዲመሰጥር ግዴታ አድርጓል።

እንግዲህ «ተቆልፏል» የሚለውን ብቻ ያነበበ ባለስልክ በሁለት ወገን ሊሳሳት ይችላል። ያልተመሰጠረ ካርድ ይዞ የተጠበቀ ይመስለዋል፤ ወይም የይለፍ ቃሉን ረስቶ፣ የተመሰጠረው መረጃ እንደ ቤት በር በባለሙያ የሚከፈት ይመስለዋል። ቁልፉ ከጠፋ ግን መረጃው እንደጠፋ ይቆጠራል።

3. የስያሜ ምርጫ

«ይለፍ» ከ«አለፈ» የወጣ የትእዛዝ አንቀጽ ሲሆን፣ የማለፊያ ፈቃድ መጠሪያ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ «የይለፍ ቃል» ሥራውን በራሱ ይናገራል። «የምስጢር ቃል» የሚለው አማራጭም ይሰማል፤ ነገር ግን ሥሩን ከ«ምስጠራ» ጋር ስለሚጋራ፣ ልንለያያቸው የፈለግናቸውን ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች መልሶ ያቀላቅላቸዋል። ስለዚህ አልመረጥነውም።

«ምስጢር» ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝም ወደ አማርኛ የገባ ቃል ነው። «መሰጠረ» የሚለው ግስ እንደ «መረመረ» ይረባል፦ መመርመር፣ ምርመራ፣ መርማሪ፣ ተመረመረ እንደሚባል፣ መመስጠር፣ ምስጠራ፣ መስጣሪ፣ ተመሰጠረ ይባላል። «አመሰጠረ» የሚለው ግን ይለያል። በቤተ ክህነት ትምህርት መምህሩ ቃሉን አመሰጠሩ ሲባል የተሰወረውን ትርጉም ገለጡ ማለት ነው። በስልኮች የአማርኛ ገጽ «ማመስጠር» ለመሰወር ሲውል ግን ነባሩን ፍቺ ይገለብጠዋል። ስለዚህ መሰወሩን «መመስጠር» ብንለው፣ «ማመስጠር»ን ለነባር ሥራው ብንተውለት ይሻላል እንላለን።

የምስጠራ ተቃራኒ «መፍታት» ነው፤ ቅኔም ሕልምም ይፈታልና ቃሉ እንግዳ አይደለም። «መክፈት» ለተቆለፈው ይቆይ። «ቁልፍ» ደግሞ የበሩን መክፈቻም፣ የልብሱን ቁልፍም፣ በኮምፒዩተር የሚጫነውንም ስለሚያመለክት፣ ባሻማ ጊዜ ሁሉ «የምስጠራ ቁልፍ» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ።

4. የቀረቡት ስያሜዎች

የይለፍ ቃል፦ ባለቤቱን ለመሣሪያው የሚያሳውቅ የፊደላት፣ የአኃዞች ወይም የምልክቶች ስብስብ።
የይለፍ ቁጥር፦ በአኃዝ ብቻ የተሠራ የይለፍ ቃል።
መቆለፍ / መክፈት፦ ወደ መሣሪያው መግባትን መከልከል / መፍቀድ።
መመስጠር / መፍታት፦ መረጃን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አድርጎ መለወጥ / ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ።
የምስጠራ ቁልፍ፦ ለመመስጠርና ለመፍታት የሚያገለግል ምስጢራዊ ቁጥር።

5. ማጠቃለያ

ከእነዚህ ስያሜዎች አብዛኞቹ አዲስ አይደሉም፤ አዲሱ ነገር እያንዳንዱ በቦታው ብቻ እንዲሠራ መጠየቃችን ነው። ተርጓሚው «ተቆለፈ» ወይም «ተመሰጠረ» ብሎ ከመጻፉ አስቀድሞ መሣሪያው በእርግጥ የሚሠራውን ይመርምር። አንባቢው መረጃውን የሚያስጠብቀው በተነገረው ቃል ተማምኖ ነውና።