ክረምቱ ለኮሌጅ ማመልከቻ ምን ይጨምራል?

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ከሚዛን አማንና ከቴፒ በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወጡት አውቶቡሶች ጥቂት ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ይሳፈራሉ። በዋና ከተማው ዘመድ ያላቸው፣ ለማጠናከሪያ ትምህርትም ወላጆቻቸው መክፈል የሚችሉ ናቸው። የቀሩት፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቡና ሲያርሙና ታናናሾቻቸውን ሲጠብቁ ይከርማሉ። እነዚህ ልጆች ተመርጦ በሚገባበት ኮሌጅ በር ላይ ከከተማው ልጅ ጋር በምን ይወዳደራሉ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሩ ጠባብ ነውና። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ትምህርታቸውን ጨርሰው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ብሔራዊውን ፈተና ከተፈተኑት መካከል፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም፣ ከመቶው ከ90 የሚበልጡት አሁንም ከደጅ ቀርተዋል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከዚህ በላይ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ይሰጣሉ። ስለዚህ የክረምቱ የመጀመሪያ ሥራ ሌላ ምንም ሳይሆን ያለፉትን ዓመታት መጻሕፍት መልሶ ማንበብ ነው። ከአረም በፊት በየማለዳው ሁለት ሰዓት ያህል የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ የሠራ ተማሪ፣ አዲስ አበባ ባለመሄዱ ይህን ያህል የሚቀርበት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የሚለየው ወደ ውጭ አገር ለሚያመለክቱት ነው። እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤም አይ ቲ ያሉት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ሲቀበሉ የመክፈል ችሎታውን አይመለከቱም፤ ለተቀበሉትም የጐደለውን ይሸፍናሉ። ነገር ግን የሚጠይቁት ነጥብ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ከክፍል ውጭ ጊዜውን በምን እንዳሳለፈ ማወቅ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕሊኬሽን የተባለው የጋራ ማመልከቻ እስከ 10 ለሚደርሱ ተግባራት ቦታ አለው። ለእያንዳንዱም በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት እንደ ተሠራ ይጠይቃል፤ ለመግለጫው የሚፈቅደው ግን ከ150 ፊደላት አይበልጥም።

የእኛ ተማሪ ይህን ቅጽ ሲያይ ይደነግጣል። ፒያኖ አልተማርኩም፣ የክርክር ክበብ የለንም ይላል። ሆኖም ከቅጹ ምርጫዎች አንዱ የቤተሰብ ኀላፊነት፣ ሌላው ደግሞ በደመወዝ የተሠራ ሥራ መሆኑን ልብ አይልም። በበበቃ የቡና እርሻ በቀን ሥራ የተቀጠረ ወጣት ወይም የእናቷን የኮረሪማ ንግድ ሒሳብ የምትይዝ ልጅ በዚያ ቦታ ላይ የምትጽፈው እውነተኛ ነገር አላት። ይህን አሳፍሮት የሚደብቅ ሰው ያለውን ትቶ የሌለውን ሲፈልግ ይከርማል።

እርግጥ ነው፣ «ቡና አረምሁ» ማለት ብቻ ብዙ አያስኬድም። ሥራው ወደ ዕውቀት የሚለወጠው በመዝገብ ነው። ገበሬዎቻችን «ሰባ አራት አንድ አሥር» የሚሉትን የቡና ዝርያ የማያውቅ የለም። ስሙ ከየት መጣ ቢሉ፣ ፍሬን አጥቍሮ የሚያረግፈው የቡና በሽታ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1971 በአገራችን ከታየ በኋላ፣ ተመራማሪዎች የሚቋቋሙትን ዛፎች ፍለጋ በየጫካው ዞሩ፤ 74 የሚለው ቍጥርም ይህ ዝርያ ከመቱ አካባቢ የተመረጠበትን የ1974ን ዓመት ያመለክታል። ቀኑ በስሙ ላይ ተጽፎ ቀረ ማለት ነው። በአንጻሩ የጌሻ ቡና ዘር በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ አገራችን ወጥቶ፣ በምሥራቅ አፍሪካና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደርሶ፣ በ2004 በዚያ አገር ውድድር አንደኛ ሲወጣ ዓለም ስሙን አወቀው። ከየትኛው ጫካ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ተለቀመ ግን ዛሬም ያከራክራል።

እንግዲህ አንድ ደብተር፣ አንድ ማስመሪያና ጐኑ ቀጥ ያለ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ለአንድ ክረምት ይበቃሉ። ቆርቆሮውን ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጎ አስቀምጦ፣ በየማለዳው በ3 ሰዓት የተጠራቀመውን ውሃ በሚሊ ሜትር መለካትና መድፋት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ከዚያ በጥላ ሥር ካለና ገላጣ ላይ ካለ የቡና ዛፍ መቶ መቶ ፍሬ መርጦ በየሳምንቱ ስንቱ እንደ ጠቈረ፣ ስንቱ እንደ ረገፈ መጻፍ። የቀረ ቀን ቢኖር «ቀረ» ተብሎ ይጻፍ፤ በግምት የተሞላ ሠንጠረዥ ከባዶ ይብሳል። ደብተሩን ጳጉሜን ላይ ለሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የግብርና መምህር ወይም ለቴፒው የምርምር ማዕከል ባለሙያ ቢያሳዩት፣ ስሕተቱን የሚያርም ሰው ይገኛል።

የምስክር ወረቀት የሚሰበስቡትንም አያለሁ። በአንድ ጧት ችግኝ ተክሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ መመለስ አያስነቅፍም፤ ግን ያው ተማሪ በየሳምንቱ ተመልሶ ከተተከሉት ችግኞች ስንቱ እንደ ጸደቀ ቢቈጥር፣ ወረቀቱ የማይናገረውን እሱ ይናገር ነበር። በሺህ የሚቈጠር ዶላር የሚያስከፍሉት የውጭ አገር የክረምት ትምህርቶችም፣ ስማቸው ቢያምርም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት የአባትን ኪስ ነው።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። የአሜሪካ ኮሌጆች የቅድሚያ ማመልከቻ በአብዛኛው ጥቅምት 22 ቀን ግድም ይዘጋል፣ መደበኛውም ታኅሣሥ 23 ቀን ግድም ነው። ሁለቱም የመምህር የድጋፍ ደብዳቤና የውጤት ማስረጃ ይፈልጋሉ። መምህራን ደግሞ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ለማሻሻል በክረምቱ ወደየዩኒቨርሲቲው ይሄዳሉና፣ ደብዳቤው የሚለመነው በሰኔ ነው። የርእሰ መምህሩ ማኅተምም ከሐምሌ እስከ መስከረም በመሳቢያ ተቈልፎ ይከርማል።