ለጫጉላ ጉዞ ፈርስት ክላስ ወይስ ቢዝነስ?

ሰሞኑን ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ለጫጉላ የሚበርሩ ሙሽሮች «የሰርጋችንን ስጦታ ለፈርስት ክላስ እናውለው ወይ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነውና የምናውቀውን እነሆ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፈርስት ክላስ የለውም፤ ከፍተኛው ማዕረግ «ክላውድ ናይን» የተሰኘው ቢዝነስ ክላስ ነው። ፈርስት ክላስ የፈለገ በዱባይ በኩል ኤምሬትስን ይጠይቅ። ክፍሉ በር አለው፤ ለብቻው ለሚሄድ ሰው ድንቅ ነው፣ ለሙሽሮች ግን አጥር ሊሆን ይችላል።

ኳታር አየር መንገድ በ2017 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው «ኪውስዊት» ቢዝነስ ክላስ አንዳንድ መሐለኛ ወንበሮች ወደ ድርብ አልጋ ይለወጣሉ፤ ይሁንና በሁሉም አውሮፕላኖቹ ላይ አይገኝም። በኢትዮጵያ 787-8 ድሪምላይነር ቢዝነሱ ሁለት ሁለት ሆኖ ስለተደረደረ ጥንዶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በኤ350-1000 ግን በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ነጠላ ነው፤ መሐለኞቹን ሁለቱን መያዝ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የአውሮፕላኑን ዓይነትና የወንበሩን አሰላለፍ ጠይቁ። ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ቢዝነስ ይበቃችኋል እንላለን። ስጦታው ወዳጅ ዘመድ በስደት ሁለት ፈረቃ ሠርቶ ያዋጣው ነው፤ የተረፈውን ቦሌ ለሚጠብቋችሁ ወላጆች ይዛችሁ ግቡ።

መልካም ጋብቻ!