ከአዳማ ወጥቶ መማር

በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ባሉ ካፌዎች ተመራቂዎች ሲጨዋወቱ ስኮላርሺፕ ሳይነሳ አይቀርም። ማን ኮሪያ ገባ፣ ማን የሀንጋሪውን አገኘ፣ የትኛው ፕሮፌሰር ለኢሜይል መልስ ይሰጣል ይባባላሉ። ተቋሙ ራሱ ከውጭው ዓለም ጋር የተጋመደ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ተቋቋመ፤ በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ኸርበርት አይሸለ መሩት። በ2011 የዛሬውን ስሙን ሲይዝ ደግሞ መሪነቱ ወደ ኮሪያዊው ፕሮፌሰር ሊ ጃንግ ግዩ ዞረ፤ ወደ ኮሪያ የሚወስደው የትምህርት መንገድም ያን ጊዜ ሰፋ።

ኢትዮጵያዊ ተማሪ የት ሄዶ እንደሚማር ከጥንትም ብዙውን ጊዜ የወሰነው መንግሥቱ ከማን ጋር ተወዳጅቷል የሚለው ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ድል ማግስት ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። መላኩ በያን አሜሪካ ሄደው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ከዚያ ትውልድ ብዙዎቹ ግን የተማሩትን ሥራ ላይ ሳያውሉ ቀርተዋል፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የፋሺስት ጣሊያን ጦር ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶችን እየለቀመ ገድሏልና። ያ ቁስል እስከ ዛሬ በቂ ትኩረት አላገኘም ባይ ነኝ።

ከጣሊያን መውጣት በኋላ የአሜሪካ ተራ መጣ። የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ሲያደራጁ ኢትዮጵያውያንም ወደ ኦክላሆማ እየሄዱ ተማሩ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የነበሩት ተማሪዎች በየማኅበራቸው ተደራጅተው የአገራቸውን ፖለቲካ ከሩቅ ይሞግቱ ነበር፤ መኢሶን በሃምቡርግ፣ ኢሕአፓ በበርሊን መመሥረታቸው የዚያ ውጤት ነው። በደርግ ዘመን ጉዞው ወደ ሶቭየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሆነ። በሶማሊያው ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት ሳይቀሩ በኩባ የወጣቶች ደሴት ላይ አድገው፣ ብዙዎቹም እስከ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል።

የዛሬው ተማሪ የሚለየው ዕድሉን በአብዛኛው በራሱ የሚፈልግ በመሆኑ ነው። ቻይና፣ ቱርክ፣ ሀንጋሪ፣ ኮሪያና ሕንድ በየዓመቱ ነፃ የትምህርት ዕድል ያወጣሉ፤ ጀርመን በዳአድ፣ አውሮፓ በኢራስመስ ሙንዱስ፣ አሜሪካ በፉልብራይት ይቀበላሉ። ማመልከቻው ግን በአገር ውስጥ ውጣ ውረድ ይጀምራል። ተመራቂው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይጨርስ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይላክለትም። ዲግሪውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለማረጋገጥ ከአዳማ፣ ከባቱ ወይም ከሻሸመኔ በሌሊት ተነስቶ አዲስ አበባ ይሰለፋል። የእንግሊዝኛ ፈተናው የቶፍል ክፍያ በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ የአንድ ፈተና ዋጋ ለጀማሪ መምህር ከወር ደመወዝ በላይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጎበዙ ልጅ በችሎታ ሳይሆን በገንዘብ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

ከሄዱ በኋላ ያለው ኑሮ እንደየአገሩ ይለያያል። ኮሪያ ውስጥ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ የአንድ ፕሮፌሰር ላብ አባል ነው፤ ወርኃዊ አበሉ ብዙ ጊዜ ከፕሮፌሰሩ ፕሮጀክት ይወጣል፤ ሥራው እስከ ምሽት ይዘልቃል። አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ተምሮ መሣሪያውን በስላይድ ብቻ ያየ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ወራት አብሮት ካለው ኮሪያዊ ጎን ቆሞ አዝራሩን በማየት ያሳልፋል። ጀርመን የገባው ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። እዚህ መምህር ሲናገር ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ እዚያ ዝም ያለ ተማሪ ምንም ሐሳብ እንደሌለው ይቆጠራል። በሻንጣ የሄደው ሽሮ፣ በርበሬና የአርሲ ጭኮ ሲያልቅ፣ እሬቻ በቢሾፍቱ ሆራ ሲከበር በስልክ እያዩ ክፍል መግባት ሲመጣ ናፍቆቱ ይበረታል። ብዙዎቹም ያን ሁሉ ችለው፣ ከአበላቸው ቆጥበው ለቤተሰብ ይልካሉ።

መመለስን በተመለከተ የሚነገረው ብዙ ነው፤ እኔ የምደገፍበት ምሳሌ ከአዳማ ወጣ ብሎ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ዓለማያ ተምረው ወደ አሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ በኋላም እዚያው ፐርዱ እየሠሩ ማሽላን የሚያጠቃውን የአቀንጭራ አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጡ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት አገኙ። ከዝርያዎቹ ጎቢዬና አብሽር ኢትዮጵያ የገቡት መልካሳ የተደራጀ የማሽላ ምርምር ስላለው ነው። ዘሩን የሚፈትሽ፣ የሚያባዛና ለገበሬው የሚያደርስ ተቋም ባይኖር ኖሮ ውጤቱ እዚያው ፐርዱ ይቀር ነበር። በአሰላም የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ከዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራበት የሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ተቋም በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ብዙ ተቋማት ግን መምህሩን በውልና በዋስ አስፈርመው ይልኩታል፤ ሲመለስ የሚሠራበትን ነገር አያዘጋጁለትም። ዶክተር ሆኖ መጥቶ የቀድሞውን ኮርስ በቀድሞው ባዶ ላብ የሚያስተምር ሰው ሁለተኛ ቢሄድ ልንወቅሰው አይገባም። ስለዚህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዩኒቨርሲቲዎች ሰው ከመላካቸው በፊት ለሚመለሰው ሰው ላቦራቶሪና የምርምር በጀት ይመድቡ፤ ውጭ ያላችሁ የአዳማ፣ የቢሾፍቱ፣ የባቱና የሻሸመኔ ልጆችም አንድ የትምህርት ክፍል መርጣችሁ፣ መሣሪያም ሆነ ዕውቀት ለመላክ መመለሻችሁን አትጠብቁ።