ከገድሉ ቀጥሎ የሚነበበው ተአምር

በአርሲ ደጋ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለችው በአሰላ፣ የገብሱና የስንዴው ሥራ ለዕለቱ ተፈጽሞ ብርዱ ሰውን ሁሉ ወደየቤቱ በሚሰበስብበት በምሽት ሰዓት፣ አዋቂዎች ዜና ለመስማት ተራቸውን እየጠበቁ ሳሉ ልጆች በዲሽ የሚመጣውን የካርቱን ፊልም ከበው ተቀምጠው፣ ዘንዶ የሚጋልብ ጎረምሳ፣ ጠጕሯ ከቁመቷ አሥር እጥፍ የሚረዝም ልዕልት፣ ወይም እንደ ወታደር ተሰልፈው ሤራ የሚዶልቱ አራት ፔንግዊኖች ሲያዩ ማምሸታቸው፣ ዛሬ ዛሬ ማንንም የማያስደንቅ የቤት ልማድ ሆኗል። ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ግን ራሳቸውን ችለው የተወለዱ አይደሉም፤ አስቀድሞ በሲኒማ ቤት ታይቶ ዝና ካተረፈ የቤተ ሰብ ፊልም ላይ የተቀጠሉ ተከታታዮች ናቸው። አዋቂው ወገን የሚመለከታቸው በንቀት ዓይን ነው፤ እኔም ንቀቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ነገር ግን ንቀቱ የማይገባቸው ጥቂቶች ስላሉ፣ እነዚያ ጥቂቶች ከተጠበቀባቸው በላይ ሆነው የተገኙበትን ምስጢር መመርመር የሚገባ ይመስለኛል፤ ይልቁንም ጕዳዩ ለአርሲ ሰው የሩቅ ጕዳይ አይደለምና።

ንቀቱ የመጣው ከአሠራሩ ነው። ለሲኒማ የሚዘጋጅ አንድ የአኒሜሽን ፊልም አራትና አምስት ዓመት የሚፈጅ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሠዓልያንንና ባለሙያዎችን የሚያሰልፍ፣ አንዳንዴም ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚበላ ሥራ ሲሆን፣ ከእርሱ የሚቀጠለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ግን በትንሽ ገንዘብ በጥድፊያ የሚዘጋጅ፣ ሥዕሉም ብዙውን ጊዜ ዋጋው ወደሚረክስበት ወደ ሌላ አገር ተልኮ የሚሣል፣ የስመ ጥሮቹ ተዋንያን ድምፅም በሌላ ሰው ድምፅ የሚተካበት ነው። በ1992 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የወጣው «አላዲን» በ1994 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ 86 ክፍሎች ሲወጡለት፣ ለፊልሙ ነፍስ የዘራበት የሮቢን ዊሊያምስ ድምፅ ቀርቶ ጂኒው በዳን ካስቴላኔታ አንደበት ይናገር ጀመር። ባለ ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚያሳርፈው በአሻንጉሊቱና በልጆች ቦርሳ ገበያ ላይ እንጂ በታሪኩ ላይ ስላልሆነ፣ ናትናኤል ስለ ናዝሬት «መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?» ብሎ ያነሣውን ጥያቄ ተቺዎች በእነዚህ ተከታታዮች ላይ ቢያነሡ አይፈረድባቸውም።

ይሁን እንጂ ተፈጸመ የተባለን ታሪክ ማስቀጠል በእኛ ሥነ ጽሑፍ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅዱሳንን ገድል ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ ገድሉ የጻድቁን ሕይወት ከልደት እስከ ዕረፍት በአንድ መሥመር አስኬዶ ሲፈጽም መጽሐፉ አይዘጋም፤ ተአምሩ ይከተላል። በገድሉ ውስጥ ሥፍራ ያላገኙት መበለቲቱ፣ ከብቱ የጠፋበት እረኛ፣ መንገድ ላይ የመሸበት ነጋዴ በተአምሩ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ተአምር የራሱ መነሻና መድረሻ ኖሮት ለብቻው የሚነበብ ነው፤ ምእመኑም ጻድቁን ከገድሉ ይልቅ በተአምሩ አቅርቦ የሚያውቅበት ጊዜ አለ። መልካም ተቀጥላ የሚሠራው ሥራ በጠባዩ ይህን ይመስላል፤ ክፉው ተቀጥላ ግን ገድሉን ራሱን በቀጠነ ቀለም ደጋግሞ የሚገለብጥ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር የዘንዶዎቹ ታሪክ ይመስለኛል። በ2010 የወጣው «ሀው ቱ ትሬይን ዩር ድራገን» የተባለው ፊልም፣ በርክ በምትባል ደሴት ላይ ከዘንዶዎች ጋር ለብዙ ትውልድ ሲዋጋ የኖረ ሕዝብ፣ ሂካፕ የሚባለው የአለቃው ልጅ አንድ የቆሰለ ዘንዶ ከመግደል ይልቅ ወዳጁ በማድረጉ ምክንያት እንዴት ወደ ዕርቅ እንደ ደረሰ ይተርካል። ፊልሙ የሚያልቀው በዕርቁ ነው፤ ከዕርቁ በኋላስ? ትናንት ጠላት የነበረው አውሬ ዛሬ በጎረቤትነት ሲኖር በጉን ማን ይጠብቃል፣ ቤቱ ሲቃጠል ማን ይከፍላል፣ በጦርነቱ ያረጀው ሰውስ ቂሙን ወዴት ያደርሰዋል? በ2012 በካርቱን ኔትወርክ የጀመረው ተከታታይ የተነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነው። ሚልዲው የሚባለው ነገረኛ ሽማግሌ፣ ዘንዶዎቹ ከመንደሩ ይባረሩ እያለ ሕዝቡን የሚያነሣሣው፣ በፊልሙ ውስጥ የለም፤ የተወለደው በተከታታዩ ነው፤ ዕርቅ ያስቆጣውን ሰው ጠባይ የሚያውቅ አገር ሁሉ ግን እርሱን ለመለየት አይቸገርም። የአለቃውን ድምፅ የሰጠው ጄራርድ በትለር ወደ ቴሌቪዥኑ ባይመለስም፣ የሂካፕ ድምፅ የሆነው ጄይ ባሩሸል ከሥራው አልተለየም፤ ታሪኩም በስሙና በሥፍራው ራሱን እየለወጠ እስከ 2018 ዘልቆ በጠቅላላው 118 ክፍሎች ተፈጸሙለት። የኋለኞቹ ክፍሎች በመጀመሪያውና በሁለተኛው ፊልም መካከል ባሉት ዓመታት ላይ የቆሙ ሲሆኑ፣ በፊልሙ ልጅ የነበረው ሂካፕ በሁለተኛው ፊልም አዋቂ ሆኖ ከመቅረቡ በፊት እንዴት እንደ በሰለ በዝግታ ያሳያሉ። ሲኒማው ያን ያህል ዝግታ ሊከፍል አይችልም፤ መቶ ደቂቃ ያህል ብቻ ነውና የተሰጠው።

በ2010 የወጣው ሌላው ፊልም «ታንግልድ» ደግሞ ድህነት ለጥበብ የሚያደርገውን ውለታ ያስተምራል። ፊልሙ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ፈጀ ይነገርለታል፤ የጠጕሩ እንቅስቃሴ ብቻውን የኮምፒውተር ሠዓልያንን ለዓመታት ያደከመ ነበር። በ2017 የተጀመረው ተከታታይ በዚያ መንገድ እከተላለሁ ቢል ኖሮ የሚሆነው መሳለቂያ ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን ማስመሰሉን ትተው፣ ራፑንዘል በግንቡ ውስጥ ተዘግታ ሳለች በግድግዳው ላይ ትሥላቸው የነበሩትን ሥዕሎች የመሰለ፣ እንደ ተረት መጽሐፍ ገጽ ጠፍጣፋና ደማቅ የሆነ አሣሣል መረጡ። የዜማውን ደራሲ አለን ሜንከንን ግን አልለቀቁም፤ ማንዲ ሙርና ዛካሪ ሊቫይም በድምፃቸው ተመለሱ። ከሁሉ የሚደነቀው ካሳንድራ የምትባለዋን ደንገጡር ፈጥረው፣ በልዕልቲቱ ጥላ ሥር የኖረች ታማኝ ወዳጅ የመረሳት ምሬት እንዴት ቀስ በቀስ ወደ ጠላትነት እንደሚያደርሳት በሦስት ምዕራፍ ማሳየታቸው ነው። እንዲህ ያለውን የልብ መለወጥ ለሕፃናት ፊት ለፊት ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል፤ ማንም ብዙ የማይጠብቅበት ሥራ ላይ ግን ድፍረቱ ይቀላል፤ ሊቈጣ የሚችለው ባለ ሥልጣን ዓይኑ ሌላ ዘንድ ነውና።

ስለ ፔንግዊኖቹ ብዙ ማለት አያሻም። በ2005 በወጣው «ማዳጋስካር» ውስጥ ለሣቅ ያህል ብቅ ጥልቅ የሚሉ አራት ወፎች ነበሩ፤ በ2008 የራሳቸው ተከታታይ ተሰጣቸው፤ የኤሚ ሽልማት እስከ መቀበል ደረሱ፤ በ2014 ደግሞ ወደ ሲኒማው የራሳቸውን ፊልም ይዘው ተመለሱ።

ዕድሉ ለሁሉ አልደረሰም። ከ2016 እስከ 2019 ድረስ የታየው «ዘ ላየን ጋርድ»፣ ከአንበሶቹ ታዋቂ ፊልም የተቀጠለው፣ የስዋሂሊ ቃላትን ወደ ሕፃናት ጆሮ ማስገባቱ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ለእኔ ስብከቱ ይበዛበታል፤ ከእርሱ የሚያንሱት ደግሞ ስማቸውን መጥራት እንኳ አያሻም።

አሁን ወደ አርሲ ልመለስ። ዋልት ዲስኒ በ1999 ለሕዝብ ያቀረበውና «ኢንዱራንስ» የተባለው ፊልም፣ ለሕፃናት ጭምር የተፈቀደ የቤተ ሰብ ፊልም ነው፤ ሥዕላዊ አኒሜሽን ግን አይደለም፤ የተቀረጸውም በዚሁ በአርሲ ደጋ ላይ፣ ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሕይወት ነው። ሌስሊ ውድሄድ የልጅነቱን ታሪክ በተውኔት አስመስሎ ሲያዘጋጅ፣ የኦሊምፒኩን ምስል ደግሞ በድ ግሪንስፓን አቅርቦታል፤ ኃይሌ ራሱን ሆኖ ሲጫወት፣ ልጁን ኃይሌን የተጫወተው ዘመዱ ነው። ፊልሙ 83 ደቂቃ ይፈጃል። በ1996 በአትላንታ የ10,000 ሜትር ሩጫ ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ገደማ ገብቶ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት የቀደመበትን ድል ፍጻሜው አድርጎ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ አሥር ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን ሕፃን፣ በልጅነቱ ያጣትን እናቱን፣ ሩጫን ከንቱ ድካም አድርገው የሚቈጥሩትን ገበሬ አባቱን አሳይቶ ያልፋል። ከሲኒማ ገበያ የሰበሰበው ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ተቀጥላ አልወጣለትም። የሚያስገርመው ግን የዚህ ፊልም ሙዚቃ ደራሲ ጆን ፖውል መሆኑ ነው፤ ይኸው ሰው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የዘንዶውን ፊልም ሙዚቃ ደርሶ ለኦስካር ታጭቷል። የአርሲን ሜዳና የበርክን ሰማይ በዜማ ያጀበ አንድ እጅ ነው፤ አንደኛው ታሪክ 118 ክፍሎች ሲቀጠሉለት ሌላው በ83 ደቂቃ ቀርቷል።

ፈጽሞ ቀርቷል ማለት ግን ያስቸግራል። በ2012 የወጣው የጄሪ ሮትዌል ዘጋቢ ፊልም «ታውን ኦቭ ራነርስ»፣ ስለ በቆጂ የተሠራው፣ በስም የማንም ተቀጥላ ባይሆንም በሥራው የተአምሩን ቦታ ይዟል። ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችውን ከተማ ሲያሳይ፣ ዓይኑን ያሳረፈው በእነርሱ ሳይሆን ገና ስም በሌላቸው ሁለት ልጃገረዶችና በአሠልጣኙ በስንታየሁ እሸቱ ላይ ነው፤ ከአሸናፊው ይልቅ አሸናፊ ይሆን ወይም አይሆን የማይታወቀውን ሯጭ በመከተሉ፣ የባለ ወርቁን ፊልም ያየ ሰው ያላገኘውን ሌላውን የአርሲ ገጽ እናገኝበታለን።

ለልጆች የሚሆን ሥዕላዊ ተከታታይ በአገራችን አይሠራም የሚለው ክርክርም ከቆመበት ሥፍራ ተነቃንቋል። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያስጀመሯት «ፀሐይ መማር ትወዳለች»፣ መጀመሪያ በእጅ አሻንጉሊት የተሠራች ቀጭኔ ነበረች፤ በ2008 ከጃፓን እስከ ጀርመን ድረስ ሽልማት ያገኘችው በዚያው በትንሽ መሣሪያ በተሠራ ሥራ ነው፤ ከዚያም ወደ ተሣለ አኒሜሽን ተሻግራ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ተናገረች። ትንሽ ገንዘብ የያዘ ሰው ከጀመረና ከጸና የት እንደሚደርስ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አያስፈልግም።

እንግዲህ የአርሲ ሩጫ ታሪክ እንደ ተአምር በክፍል በክፍል የሚሣልበት ቀን ቢመጣ፣ በመጀመሪያ የሚናገረው ሕፃናቱ በቤታቸው በሚናገሩት በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ይገባል፤ በአማርኛም ሊደገም ይገባል። የመጀመሪያው ክፍል የማን ይሁን ብባል ደግሞ ኃይሌን አልመርጥም፤ አባቱን ነው የምመርጠው። የዘንዶው ታሪክ ላይ አባትየው ከልጁ ጋር የተጣላው ልጁ ከዘመኑ በፊት በመቅደሙ ነው፤ በአርሲም አባት ልጁን ከሩጫ ሊመልሰው የፈለገው እርሻው እጅ ስለሚጠይቀው፣ ሩጫም እህል ሆኖ ጎተራ ሲገባ በዘመኑ ሁሉ አይቶ ስለማያውቅ ነው። የገበሬውን ይህን ሒሳብ ለማስረዳት ሙሉ አንድ ክፍል ያስፈልጋል፤ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ዘር ማስቀረት፣ ግብር መክፈል፣ አሥር ልጅ ማብላት ሁሉ ተራ በተራ መታየት አለበት፤ በ83 ደቂቃ ውስጥ ያ ሁሉ ጊዜ አልነበረም።