ባትሪው፣ ምስማሩና እርጥቡ ባሕር ዛፍ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዋጫ ሲደረስ፣ በየግቢው በእንጨት የተሠራ ነገር አይጠፋም። የቡና ማድረቂያ አልጋ፣ ዘመናዊ ቀፎ፣ የዶሮ ቤት፣ የዕቃ መደርደሪያ፣ አግዳሚ ወንበር። አብዛኛውን የሚሠራው ሙያዬ አናጺነት ነው የሚል ሰው ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ወይም ጎረቤቱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መዶሻ ትቶ በባትሪ የሚሠራ ምስማር መምቻ ልግዛ ሲል ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው የትኛው ማሽን ጠንካራ እንደሆነ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ከእንጨቱ እንዲጀምር እፈልጋለሁ። ማሽኑ ምስማሩን ወደ ውስጥ ከማስገባት ያለፈ ሥራ የለውም፤ ከዚያ በኋላ ዓመታቱን ይዞ የሚቆየው እንጨቱ ነው።

የቀድሞው የካፋ ቤት ሠሪ ማገርና ምሰሶውን ከጫካ በቆረጠው ሐረግ ያስር ነበር። ምስማር የሚይዘው በሌላ መንገድ ነው። ሲገባ የእንጨቱን ቃጫ ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ይጨፈልቀዋል። የተገፋው ቃጫ ወደ ቦታው ለመመለስ ስለሚፈልግ ምስማሩን ከሁለት ወገን ይጨምቀዋል፤ ከዚህ ጭመቃ የሚመጣው ሰበቃ ነው ምስማሩን የሚያስቀረው። ማዲሰን ከተማ የሚገኘው የአሜሪካ የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ይህን ለረጅም ዓመታት ፈትኖ ወደ ቀላል ቀመር አምጥቶታል። ተራ ክብ ምስማርን ከእንጨት ለመንቀል የሚጠይቀው ኃይል ከምስማሩ ውፍረትና እንጨቱ ውስጥ ከገባው ርዝመት ጋር እኩል እያደገ ይሄዳል። ከእንጨቱ ጥግግት ጋር ግን ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ያድጋል፤ ጥግግቱ በ2.5 ኃይል ከፍ ይደረጋል።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ዋንዛ ቀላል እንጨት ነው፤ ጥግግቱን ከውኃ አንጻር 0.42 እንበል። ለባሕር ዛፍ 0.65 እንውሰድ። ልዩነቱ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ነው፤ የአንድ ዓይነት ምስማር መያዣ ኃይል ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ይለያያል። ውፍረቱ 3.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ምስማር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ባሕር ዛፍ ውስጥ ቢገባ በቀመሩ መሠረት እሱን ለመንቀል 320 ኪሎ ግራም ክብደት የሚያህል ኃይል ይፈልጋል። 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነችው ቀጭን ምስማር ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ዋንዛ ውስጥ ብትገባ ወደ 23 ኪሎ ግራም ነው። እነዚህ ምስማሩ ተነቅሎ የሚወጣባቸው ጫፎች ናቸው፤ አስተማማኝ ጭነት ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። ቢሆንም የሁለቱን ርቀት ያሳያሉ።

ዋንዛን የጠቀስሁት ለንጽጽር ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ጠብቋቸው ነበር፤ የካፋ ደንም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። ስለዚህ ለጓሮ ሥራ በብዛት እጃችን የሚገባው ሰው ተክሎ ያሳደገው ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራና በፍጥነት የሚደርስ ነው፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከተቆረጠ ሳምንት ሳይሞላው ሥራ ላይ መዋሉ ነው።

እርጥብ እንጨት ውስጥ የተመታ ምስማር መጀመሪያ ላይ እንደ ደህና ይይዛል። ከዚያ እንጨቱ መድረቅ ይጀምራል። የእርጥበቱ መጠን ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ቃጫው ራሱ ይኮማተራል፤ በምስማሩ ዙሪያ ያለው ጭመቃ ይላላል፣ በቀጭን ስንጥቆችም ይፈታል። በላቦራቶሪው ሙከራዎች እርጥብ እንጨት ውስጥ ተመትቶ ከእንጨቱ ጋር የደረቀ ለስላሳ ምስማር የመያዣ ኃይሉን እስከ ሦስት አራተኛ ያጣል። እየረጠበና እየደረቀ የሚፈራረቅ እንጨትም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል፤ ዝናብ የማይርቀው የካፋ አየር ደግሞ ይህን ፍርርቅ ያለማቋረጥ ይሰጠዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ የምስማሩ ራስ ከጣውላው ብድግ ብሎ የሚታየው፣ የቡና አልጋውም ቡና ሲጫንበት የሚያረገርገው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ከመዶሻ ወደ ባትሪ መሸጋገር ይህን አይፈውስም። እንዲያውም ማሽኑ የሚመታቸው ምስማሮች ብዙውን ጊዜ ቀጠን ያሉ ስለሆኑ ሊያባብሰው ይችላል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በመካከሉ ቀጫጭን ቁራጮች ገብተውለት፣ ጣሪያ ሥር ይደርደር። ከጣውላው የተቆረጠ አንድ ቁራጭ በሱቅ ሚዛን እየመዘኑ ከሳምንት ሳምንት ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም የአካባቢውን አየር ደረቅነት አገኘ ማለት ነው። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ በሆነበት ቦታ እንጨት ከ16 በመቶ ገደማ በታች አይወርድም፤ ለውጭ ሥራ ይህ በቂ ነው። መጠበቅ ካልተቻለ ደግሞ ምስማሩ በሌላው ወገን ወጥቶ ጫፉ ይታጠፍ፣ ወይም ብሎን ይሁን፣ ወይም ዙሪያውን ቀለበት ቀለበት ያለው ምስማር ይፈለግ። ቀለበቶቹ ቃጫውን ስለሚነክሱ እንጨቱ ሲኮማተርም ብዙ አያጡም። ማሽን ሲገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፤ ቀለበት ያለውና ዚንክ የተቀባ ምስማር ይቀበላል? ምስማሩስ ይገኛል?

አሁን ወደ ማሽኑ። ግማሽ ኪሎ መዶሻ በሴኮንድ 8 ሜትር ፍጥነት ሲያርፍ 16 ጁል ጉልበት ይሰጣል፤ ስለዚህ ሦስት አራት ጊዜ እንመታለን። ምስማር መምቻው ያንን ሁሉ በአንድ ምት መጨረስ አለበት። 40 ጁል በሴኮንድ አምስት ሺህኛ ውስጥ ማውጣት ማለት ለዚያች ቅጽበት 8,000 ዋት፣ ማለትም ሁለት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣዶች አንድ ላይ የሚስቡትን ያህል ነው። እጅ ላይ የሚያዝ ባትሪ ይህን በቀጥታ አይሰጥም። ስለዚህ ማሽኖቹ ወይ ጋዝ ያቀጣጥላሉ፣ ወይ ጉልበቱን ቀስ ብለው አጠራቅመው በአንዴ ይለቁታል፤ የሚለያዩት በዚህ መንገድ ነው።

ፓስሎድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ገመድ አልባ ማሽን ትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ ይጠቀማል። ጋዙ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በብልጭታ ይቀጣጠላል፣ ፍንዳታውም ፒስተኑን ይገፋል። ኃይለኛና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቦንጋ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል እዚያ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሚቃጠለው ኦክስጅን ባነሰ ቁጥር ምቱም ይደክማል። የጋዙን ቆርቆሮ ማግኘትም ሌላ ጣጣ ነው። ለካፋ ይህን ዓይነት አልመርጥም።

ሁለተኛው የዲዎልት ብዙ ማሽኖች የሚሠሩበት ፍላይዊል ነው። ሞተሩ ከባድ ጎማ በፍጥነት ያሽከረክራል፤ ቃታው ሲሳብ መቺው ብረት ከሚሽከረከረው ጎማ ጋር ለቅጽበት ይገናኝና ወደ ፊት ይወረወራል። ከመምታቱ በፊት የሚሰማው ጩኸት ጎማው ፍጥነት ሲያነሣ ነው። ሦስተኛው የሚልዋኪ ማሽኖች የያዙት የታሸገ ናይትሮጅን ነው። ሞተሩ ፒስተኑን ወደ ኋላ እየጎተተ ጋዙን ያምቀዋል፤ ሲለቀቅ ጋዙ እንደ ሞላ ይፈናጠራል። ምቱ ፈጣንና ከምት ምት የማይለዋወጥ ነው፤ የጋዙ ማሸጊያ ካረጀ ግን በመንደር ጥገና የሚነካ ነገር አይደለም። የሪዮቢዎቹ አየሩን በውስጣቸው ባለ ትንሽ መጭመቂያ ያምቃሉ። ፍላይዊልና የታሸገ ናይትሮጅን ስለ ከፍታው ግድ የላቸውም። ከሁለቱ እኔ ፍላይዊሉን አስቀድማለሁ፤ ክፍሎቹ በዓይን የሚታዩ ስለሆኑ ሞተር የሚያውቅ ሰው ፈትቶ ሊረዳቸው ይችላል።

የምስማሩ ውፍረት በጌጅ ይጠራል። የጣሪያ ቆርቆሮ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባለ 35 ከባለ 28 ይሳሳል። ምስማር ላይም ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል። 23 ጌጅ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ኮላ እስኪደርቅ ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም። 18 ጌጅ 1.2 ሚሊ፣ 16 ጌጅ 1.6 ሚሊ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለግድግዳና ለጣሪያ እንጨት የተሠሩት ትላልቅ ማሽኖች አሉ፤ ወደ 3 ሚሊ የሚወፍር፣ እስከ 9 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ምስማር ይመታሉ፤ ክብደታቸውም ከባትሪያቸው ጋር 4 ኪሎ ግራም ያልፋል።

ለቤት ሥራ ባለ 18 ጌጁ ብዙውን ይሸፍናል። የእሱ ትክክለኛ ቦታ ለምሳሌ የቀፎ ፍሬም ነው። አራት ቀጫጭን እንጨቶች በጠርዛቸው ይጋጠማሉ፤ በመዶሻ ሲመቱ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ቀጭኗ ምስማር በአንድ ምት ስትገባ መጋጠሚያው ሳይነቃነቅ ይቀራል፣ ከሥሯ ያለው ኮላም ደርቆ ዋናውን ጭነት ይሸከማል። ለአንድ ቀፎ የሚያስፈልጉትን ፍሬሞች በአንድ ከሰዓት ለመጨረስ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ለኮርኒስ ጠርዝ፣ ለመሳቢያ ጀርባና ለበር ክፈፍም እንዲሁ። ጭነት የሚሸከም የአልጋ እግር፣ ደረጃ ወይም የጣሪያ እንጨት ላይ ግን አይዋል፤ ከላይ ያየነው 23 ኪሎ ግራም ምክንያቱ ነው።

የቡና ማድረቂያ አልጋ ለሚሠራ ሰው ምክሬ ይለያል። እዚያ ዋናው ድካም ወንፊት ሽቦውን ከጣውላው ጋር ማያያዝ ነው፤ ሰዉ ምስማር መትቶ ራሱን እያጠፈ ይይዘዋል። በባትሪ የሚሠራ ስቴፕለር ሁለት እግር ስላለው ሽቦውን ከላይ ተሻግሮ በሁለት ወገን ይነክሰዋል፤ ማሳው ዳር መብራት ሳያስፈልግ አንዱን አልጋ ከሌላው እያስከተለ ይጨርሳል። እግሮቹ በአንድ የቃጫ መስመር ላይ እንዳያርፉ ማሽኑን አዙሮ መያዝ ነው፤ አለበለዚያ ጣውላው ይሰነጠቃል። ምሰሶና አግዳሚው ግን አሁንም የመዶሻና የረጅም ምስማር ሥራ ነው። ደረቅ ባሕር ዛፍ ከሆነ ከምስማሩ ትንሽ በቀጠነ መሰርሰሪያ ቀድሞ መብሳት ያስፈልጋል፤ ይህን ማንኛውም ምስማር መምቻ ማሽን አያደርገውም። በዚህም የተነሣ አንድ ባትሪ ብቻ የመግዛት አቅም ላለው ሰው በመጀመሪያ ድሪል፣ ቀጥሎ በዚያው ባትሪ የሚሠራ ምስማር መምቻ እንዲገዛ እመክራለሁ።

ባትሪው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። 18 ቮልት እና 20 ቮልት የተባሉት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናቸው። ሁለቱም አምስት የሊቲየም ሴሎች በተከታታይ የያዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ በአማካይ 3.6፣ ሙሉ ሲሆን 4 ቮልት ገደማ ይሰጣል። በአንዳንድ ርካሽ መሣሪያዎች ላይ 48 ወይም 88 ተጽፎ ሲታይም ውስጡ ብዙ ጊዜ ያው አምስት ሴል ነው። ባትሪው የሚይዘውን መጠን የሚገልጸውን አምፔር ሰዓት ለማጣራት የሱቁ ሚዛን ይረዳል። የተለመደው 18650 የሚባለው ሴል ከ50 ግራም በታች ይመዝናል፣ ቢበዛ 3.5 አምፔር ሰዓት ያህል ይይዛል። አምስት እንዲህ ያለ ሴል ብቻ የያዘች ቀላል ባትሪ ላይ 6 አምፔር ሰዓት ቢጻፍ እውነት ሊሆን አይችልም። ለ18 ጌጅ ሥራ ሐቀኛ 2 አምፔር ሰዓት ይበቃል። 36 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 129,600 ጁል ነው፤ አንድ ምት ከብክነቱ ጋር 150 ጁል ቢፈጅ እንኳ ከ800 ምስማር በላይ ይመታል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሁለት ትናንሽ ባትሪዎች ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ።

ማሽኑ በኪሎ የሚሸጠውን ልቅ ምስማር አይቀበልም። ምስማሮቹ በኮላ፣ በወረቀት ወይም በፕላስቲክ ተደርድረው የተያያዙ መሆን አለባቸው፤ ትላልቆቹ ላይ ደግሞ የድርድሩ ዘንበል፣ 21፣ 30 ወይም 34 ዲግሪ፣ ከማሽኑ ጋር ካልገጠመ አይገባም። ስለዚህ ምስማሩ ያልተገኘለትን ማሽን በርካሽ ከመግዛት፣ ምስማሩን ጅማ ወይም አዲስ አበባ የሚሸጥ ሱቅ አጣርቶ ለዓመት የሚበቃ ይዞ መመለስ ይቀድማል።

አደጋውን በቸልታ ማለፍ አልችልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005 በዓመት በአማካይ 37,000 ገደማ ሰዎች በምስማር መምቻ ተጎድተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄደዋል። በቤታቸው ሲሠሩ የተጎዱት ብቻ በ1991 ከነበሩት 4,200 በ2005 ወደ 14,800 አድገዋል፤ መሣሪያው ረክሶ ወደ ቤት ሲገባ ጉዳቱም አብሮ ገባ። አብዛኛው የሚጎዳው እጅና ጣት ነው። ምስማሩ ጉጥ ሲያገኝ ወይም የቃጫውን አቅጣጫ ሲከተል ታጥፎ በጎን ሊወጣ ይችላል፤ የሚይዘው እጅ ከመምቻው 30 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፣ ትንሹ እንጨት ደግሞ በሞርሳ ይያዝ። ቃታው ተስቦ እያለ አፉ በነካ ቁጥር የሚመታ ማሽን አለ፤ ሌላው አፉ እንጨቱን ተጭኖ ከዚያ ቃታው ሲሳብ ብቻ አንድ ጊዜ ይመታል። በመጀመሪያው ዓይነት የሚደርሰው ጉዳት ከሁለተኛው እጥፍ ገደማ እንደሆነ በአናጺ ተለማማጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። መምረጫ ቁልፍ ያለው ከሆነ ወደ ሁለተኛው ይዞርና እዚያው ይቅር። መጨናነቅ ሲፈታ ባትሪው አስቀድሞ ይውጣ፤ መነጽሩም ለሚመታው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ለቆመው ልጅ ጭምር ይሁን።

ለግዢ ሲሄዱ ከራስ ግቢ የተቆረጠ ቁራጭ ባሕር ዛፍ ይዞ መሄድ ይገባል፤ ሻጩ ለማሳያ የሚያስቀምጠው ለስላሳ ጣውላ ምንም አይነግርም። ሃያ ምስማር በተከታታይ ይመቱበት። ራሳቸው ከእንጨቱ ገጽ በታች እኩል ከገቡ ጉልበቱ በቂ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ብቅ ማለት ከጀመሩ ባትሪው ወይም ማሽኑ ለዚያ እንጨት አይሆንም።